የጾመኛ ካርቱን

ባሌ አላምረው ፊልም ጫኝ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዳር፣ በጫማ ሰፊና በሳሙና ሻጭ መካከል ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ ሰው የሚያመጣለትን ፍላሽና ሚሞሪ እየተቀበለ ይሞላል። መዝሙር ለፈለገ መዝሙር፣ ድራማ ለፈለገ ድራማ፣ ልጆቹን ጸጥ ሊያሰኝ ለፈለገ ካርቱን። ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣው ሰው እህሉን ሸጦ ሲያበቃ፣ ጨውና ሳሙናውን ሸክፎ፣ ፍላሹን አስሞልቶ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። እኔም አጠገቡ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። እሱ ምሳ ሲበላ መጫኑን እኔ እይዘዋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውሁት፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚያንሰኝ ነገር የለም። ከዚህ አንስቶ እዚያ መጣል ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው ከኖርሁት ሥራ አይለይም።

አላምረው የማክሰኝት ልጅ ነው። አባቱ ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም ከገበያ ገበያ በሬ ሲነዳ አደገ። ሰልችቶት ጎንደር ሲገባ ጢሙ ገና አላበቀለም። በዚያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነበር። መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ ክፍል ውስጥ ሰው በአግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የሕንድ ፊልምና የቻይና ድብድብ ያያል። አላምረው በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቀበል ነበር። ቋንቋው የማይገባው ተመልካች “ምን አለ? ምን አለችው?” እያለ ሲንጫጫ፣ አንድ ቀን ሰለቸውና ከበሩ ላይ ሆኖ “እናቴን አደራ አለው!” ብሎ ጮኸ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ተሰጠውና አስተርጓሚ ሆነ።

ሕንድኛ አያውቅም፤ ቻይንኛም አያውቅም። የሰውየውን ፊት አይቶ ነው የሚተረጉመው። እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው። ከእህቴ ጋር ሄጄ፣ አንዲት ወርቅ በወርቅ የሆነች የሕንድ ሙሽራ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ “ጥማዱ በሬ ሞተብኝ! ቀኝ ገቡ ሞተብኝ!” ብሎ ሲተረጉምላት ሰማሁ። ያን ቀን የሳቅሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ስቄ አላውቅም። የማክሰኝት ሰው አይደል፤ ሐዘን ሁሉ የከብት ሐዘን ይመስለዋል። ተጋባን። ልጆች ወልደን አሳደግን፤ እነሱም አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ መተማ ሥራ ይዘው ሄዱ። ቪዲዮ ቤቱ ስልክ በየሰዉ ኪስ ሲገባ ተዘጋ። አላምረው አልተከራከረም፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ እዚህች ሱቅ ተቀመጠ።

የጃፓን ካርቱን ያመጣልን ትዕዛዙ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እዚያ ግቢያቸው ኢንተርኔቱ ፈጣን ስለሆነ እያወረደ ያመጣል፣ እኛም እንገለብጣለን። ልጆች “አኒሜ” ይሉታል፤ ወላጆች ካርቱን ነው የሚሉት። በመጀመሪያ ጊዜ አላምረው ሁሉንም በአንድ ላይ ከምሮ፣ ካርቱን ላለው ሁሉ ከዚያው እየዘገነ ይሰጥ ነበር። ትዕዛዙ አንድ ቀን ቆሞ ሲያየው ራሱን ያዘ።

“አያ አላምረው፣ ምን እየሠራህ ነው? ይኸ እኮ ለሕፃን አይደለም!”

“ምነው? የተሣለ አይደል እንዴ?”

“የተሣለ ሁሉ ለሕፃን ነው ያለህ ማነው?”

“ታዲያ ትልቅ ሰው ጢሙን አንዠርግጎ ሥዕል ሲሯሯጥ ያያል?”

“ጃፓን ያያል። እነሱ ገና ሲሠሩት ለማን እንደሚሠሩት ይለያሉ። ለሕፃናት የሚሠራ አለ። ከፍ ላሉ ወንዶች ልጆች አለ፣ ለሴቶች ልጆች ለብቻ አለ። ለጎልማሳ ወንድ አለ። ለትልልቅ ሴቶች እንኳ አለ።”

እኔ ቻርጀር ስፈታታ ቀና አልሁ። “ለትልልቅ ሴቶች ምን ብለው ይሥላሉ?”

“እኔ እንጃ እትዬ አበቡ። ሴትዮዋ ከሥራ ትገባለች፣ ራት ትሠራለች፣ ይደክማታል፣ ትተኛለች።”

“እሱንማ ያለ መብራትም አየዋለሁ” አልሁት።

አላምረው ግን አልሳቀም። ነገሩ ከንክኖታል። ትዕዛዙን አስቀምጦ እያንዳንዱ ለማን እንደሆነ አስለየው። ከዚያ በኋላ ካርቱን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ “ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?” ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። የከተማው ሰው ዓመቱን ያውቃል። የገጠሩ ግን “እናቱ ናት የምታውቀው” ይላል። ወይም “የበረዶው ዓመት የተወለደ ነው” ይላል፤ በረዶ ደግሞ የማይወርድበት ዓመት የለም። አንዱማ “እንዲያው ጥጃ ለመጠበቅ የደረሰ ነው” አለና አላምረውን ደስ አሰኘው፤ ጥጃ ሲባል ይገባዋላ። ሆኖም ሁሉም ጥጃ የለውም።

መፍትሔው የመጣለት በሁዳዴ ነው። አንዲት የወለቃ ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ ቆማ፣ ትንሹ ብስኩት እየበላ ትልቁ ምራቁን ሲውጥ አየ።

“ያኛው ምነው አይበላም?” አላት።

“ጾም ጀምሯላ! ሰባት ሞልቶታል።”

አላምረው እጁን አጨበጨበ። ልጅ በሰባት ዓመቱ ጾም እንደሚጀምር ማን ይስታል? ዓመቱን የማያውቅ አባት እንኳ ልጁ ይጹም አይጹም ያውቃል። የዚያኑ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ካርቱን አራት ቦታ ከፈለው፤ ስም የጻፍሁለት እኔ ነኝ። ያልጾመ፣ ጾመኛ፣ ጎረምሳ፣ ያገባ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ “ይጾማል?” ሙስሊሞቹንም “ረመዳን ይዟል?” ይላቸዋል። ሁሉም ሳያስብ ይመልሳል። “አይ፣ ገና ነው” ካሉት ጥንቸሉና ድቡ ያለበትን ይጭናል። “እንዴታ! ይጾማል” ካሉት ሰይፉንና ጭራቁን። “የሰው ዕድሜ ይጠፋል፣ ጾም ግን አይጠፋም” ይል ነበር፤ እውነትም ይመስል ነበር። ሴቶቹ ወደዱለት። “የአላምረው ካርቱን ልጅ አያባልግም” ተብሎ ከሩቅ የሚመጡ ሁሉ ነበሩ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው ባሏን በሸጋ ሲያነሳላት የምትጠላ የለችም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ የሻው መጣ። የሻው ኮሶዬ ላይ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያለው ሰው ነው። ቁመቱ በሩን የሚያክል፣ ድምፁ ከዚያ የሚበልጥ። ሚስቱ ካሰች ታበስላለች፣ እሱ በግ ያርዳል፣ ከሾፌሮች ጋር ይሟገታል። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ፍሬሰላም የምትባል ሴት ልጅ። ቴሌቪዥን ገዝተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል።

“አያ አላምረው፣ ለልጄ ካርቱን ሙላልኝ። እንግዳ እግር ሥር እየገባች ወጥ ልታስደፋን ነው።”

“ትጾማለች?”

የሻው እስኪበቃው ሳቀ። “ትጾማለች ወይ? ይች ልጅ መነኩሲት ናት እንጂ ልጅ ናት! ሁዳዴን ሙሉ ወተት በአፏ አልዞረም። ቅቤ ያለበት ገበታ አትቀርብም። ቄሱ እንኳ ገርሟቸዋል!”

“ሸጋ ልጅ” አለ አላምረው፤ ጾመኛ ከሚለው ውስጥም ጫነለት። ፍላሹ ትንሽ ስለነበር ያንዱን ካርቱን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው። ቀሪውን ሌላ ቅዳሜ እንዲወስድ ነገረው። እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ሰዉም ቀሪውን ሊወስድ ይመለሳል።

ሁለት ሳምንት የሻው ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ገበያ በሌለበት ረቡዕ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ብርሃኑን ጋረደብን።

“አላምረው!” አለ። ‘አያ’ ማለቱን ትቷል። “ልጄን ምን አሳየህብኝ?”

አላምረው ተነሣ። “ምነው? ምን ሆነች?”

“ፀሐይ ላይ አትወጣም! ፀሐይ ካለ ከቤት አትወጣም። ጧት ጉም ሲሆን ትወጣለች፣ ማታ ትወጣለች። ፀሐይ ብልጭ ካለ ጮኻ ትገባለች። ተሸክሜ ባወጣት ፊቴን ቧጠጠችኝ፤ ይኸው ተመልከት!” እውነትም ጉንጩ ላይ ሰንበር ነበረ። “ሰፈሩ ጥላ ወጊ ነው አለ። በመተት ጥላዋን ወግተዋት ነው አለ። ካሰች ይኸን ሰምታ የጎረቤታችንን ሴትዮ በክፉ ዓይን ማየት ጀመረች። ጠበል ወሰድናት፤ ጠበሉ ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ ደስ ብሏት ተጠምቃ፣ ስንመለስ ፀሐይ ሲወጣ ከነጠላዬ ሥር ገብታ መጣች። ዛሬ ማለዳ ነው አፍ አውጥታ የነገረችኝ። ‘አባዬ፣ ጥላዬ ትቶኝ እንዳይሄድ ነው፤ እንደ ካርቱኑ’ አለችኝ።”

እኔም አላምረውም ያን ካርቱን እናውቀዋለን። የባሕር ጠረፍ መንደር ናት። ፀሐይ ሲበረታ የሰዉ ጥላ ከመሬት ይነሣና፣ ባለቤቱን ጥሎ፣ ወደ ኋላው ሳያይ ይሄዳል። ጥላው የሄደበት ሰው ቀለሙ እየገረጣ ይመጣል። አንድ ልጅ የራሱን ጥላ ፍለጋ ይወጣል። ለሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ነው የተሠራው፤ ለእንደዚያ ያለው ልጅ ሸጋ ነው።

“ትጾማለች አላልኸኝም?” አለ አላምረው።

“ትጾማለች!”

“ስንት ዓመቷ ነው?”

“አምስት ዓመት ከመንፈቅ።”

አላምረው ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ሲቆጣ አይቼዋለሁ፤ ሲያዝንም አይቼዋለሁ። እንዲያ ሲሆን ግን አላየሁትም። እጁን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጎ እንደ ታመመ ከብት ዳሰሰው። ከዚያ ብድግ ብሎ አጠፋውና ቁልፍ አነሣ።

“ወዴት ነው?” አልሁት።

“ኮሶዬ።”

“እኔስ?”

“አንቺም ነይ። እኔ ብቻዬን ብሄድ ካሰች በድስት ነው የምትለኝ።”

መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም ነበር። ሚኒባሱ ወለቃን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ሁለቱ ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሻው በመስኮት ያያል፤ አላምረው ጉልበቱን ያያል። ቀሪውን ካርቱን በፍላሽ ይዞታል። “መጨረሻው ላይ ጥላው ይመለሳል፤ ያንን ካየች ይለቃታል” አለኝ በጆሮዬ። ልጅ ያሳደገች ሴት ነገር እንዲህ በቀላሉ እንደማይለቅ ታውቃለች።

ኮሶዬ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ ከአናት ዘንበል ቢልም እንደበረታ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሾፌሮች ተቀምጠዋል፤ ሃምሳው ስላላለቀ ረቡዕም ቢሆን ጥብስ ይበላል። ካሰች ከጓዳ ብቅ አለችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“መጣ? ጥላ የሚያስኮበልለው ሰውዬ ይኸ ነው?”

“እኔ ነኝ” አለ አላምረው።

“ሳይህ እኮ ደህና ሰው ትመስላለህ።”

ፍሬሰላም ከበሩ ራቅ ብላ፣ ጥጉ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሹሩባ፣ ዓይኗ ትልልቅ። የበሩ ብርሃን ወለሉ ላይ እስከ መሐል ገብቷል፤ እሷ ከብርሃኑ ጠርዝ ክንድ ያህል ሸሽታለች። እናቷ ለእንግዶች ውኃ ስታቀርብ ብርሃኑን ስትረግጥ፣ ልጅቱ ትንፋሿን ይዛ ታያታለች።

አላምረው አጠገቧ ቁጭ አለ። “እንዴት ዋልሽ፣ ፍሬሰላም?”

“ደህና። ካርቱኑን የሠራኸው አንተ ነህ?”

“አልሠራሁትም፤ ጫንሁት እንጂ። ቀሪውን አምጥቼልሻለሁ። ጥላው ይመለሳል።”

“አላይም” አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ቢለምናት አትሰማም። አባቷ ቢቆጣ ጭራሽ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች። ያን ጊዜ አላምረው የድሮው ሥራው ትዝ አለው መሰለኝ። የመጀመሪያውን ክፍል፣ እሷ ያየችውን፣ ከፍቶ ድምፁን አጠፋና በርጩማ ስቦ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ።

“በጣትሽ መሐል እይ ብቻ” አላት። “ቋንቋቸው ስላልገባሽ ነው የፈራሽ። እኔ እነግርሻለሁ። ይኸውልሽ፣ ይኸ ጥላ ተነሣ። ምን አለው ልጁን? ‘በሬያችን ጠፍቷል፤ ሄጄ ፈልጌ ላምጣ፣ አንተ ቤት ጠብቅ’ አለው።”

ሾፌሮቹ ጉርሻቸውን ይዘው ዞሩ። አንድ ጣት ተከፈተ። አንድ ዓይን ታየ።

“በሬ የለም እዚያ” አለች ፍሬሰላም።

“አለ እንጂ! ከተራራው ኋላ ነው።”

“ተራራ የለም። ባሕር ነው።”

“በሬው ውኃ ሊጠጣ ወርዶ ነዋ።”

“አያ፣ ትዋሻለህ። ‘ከእንግዲህ አልመለስም’ ነው ያለው።”

“እንዴ! የጃፓንን ቋንቋ ታውቂያለሽ?”

“ፊቱን አይቼ ነው!”

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው “አያ፣ ይች ልጅ ሥራህን ልትቀማህ ነው!” አለ። እኔም ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያመነውን ሰው የአምስት ዓመት ልጅ አንድ ቃል አላናግር አለችው። አላምረው ካርቱኑን አቆመና ከበርጩማው ወርዶ ከፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

“እውነትሽን ነው” አላት። “ጥላው ትቶት ሄዷል። አልመለስም ብሎታል። ይኸ ካርቱን ላንቺ የተሠራ አልነበረም፤ ተሳስቼ ነው የሰጠሁሽ።”

“ለማን ነው የተሠራው?”

“ለሚጾሙ።”

“እኔ እጾማለሁ።”

“ምን ትጾሚያለሽ አንቺ!” አለች ካሰች ከጓዳ። “ወተት ይከረፋኛል ብላ ነው እኮ! ቅቤም ይከረፋኛል ትላለች፤ በፋሲካም አልነካችውም። ጥርሷ ገና አልተነቀለም፣ ይኸ ሰውዬ ‘ልጄ መነኩሲት ናት’ እያለ አገር ለአገር ያወራል!”

የሻው መሬት መሬት አየ። “ቄሱም ገርሟቸዋል” አለ ቀስ ብሎ።

“ቄሱ የገረማቸው ያንተ አፍ ነው!”

ሾፌሮቹ እንደገና ሳቁ። ፍሬሰላም ግን አልሳቀችም፤ ታስባለች። “አባዬ ይጾማል” አለች። “ለአባዬ ነው የተሠራው?”

አላምረው የሻውን አየው። “አዎ፤ ለአባትሽ ይሆናል።”

“አይቶታል?”

“የት ጊዜ አግኝቼ ነው?” አለ የሻው።

“ይየዋ” አለች ልጅቱ። “እሱ ይየው፤ እኔ አላይም።” ከአግዳሚው ተንሸራታ፣ በግድግዳው ሥር ሥር ሄዳ፣ እኔ ዘንድ መጣችና ጭኔ ላይ ወጥታ ፊቷን ነጠላዬ ውስጥ ከተተች። ጠረኗ የሽንኩርትና የፀጉር ቅባት ነው። ልጅ ካቀፍሁ ስንት ዘመኔ። ጥብቅ አድርጌ ያዝኋት።

የሻው በግድ ተቀመጠ። ጥብስ ያዘና እያላመጠ ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ያሾፋል። “አሁን ይኸ ነው የሚያስፈራው? ዓይናቸው ብቻ ነው እኮ የብርጭቆ ቂጥ የሚያክለው።” አላምረው ድምፁን መለሰለት። ጥላው ከመሬት ሲነሣ አንድ ድምፅ አለው፤ እርጥብ ጨርቅ ከድንጋይ ላይ ሲላጥ የሚያሰማው ዓይነት። የሻው ማላመጡን ቀነሰ። የልጁ እናት ጥላዋ ሄዶባት ቀለሟ ሲገረጣ፣ ልጇ እየጠራት ሳትሰማው በመስኮት ስታይ፣ ማላመጡን ተወው። ሾፌሮቹም አልሄዱም። አንዱ፣ ረዳቱ ከውጭ “እንሂድ እንጂ!” ሲለው “ቆይ ባክህ!” ብሎ ጮኸበት። ካሰች እንኳ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆመች።

ፍሬሰላም በጆሮዬ “አሁን ምን ላይ ደረሰ?” ትለኛለች።

“እናቱ ላይ” እላታለሁ።

“እሱ ከባድ ነው” ትለኛለች።

ያ ግማሹ ሲያልቅ የሻው ቆመ። “ምንም የለውም” አለ ጮክ ብሎ። “የልጅ ነገር ነው!” እጁን ሊታጠብ ወደ ውጭ ሄደ። ውኃው ያለው በሩ አጠገብ፣ ግቢው ላይ ነው። ልጅቱ አንገቷን ከነጠላዬ አውጥታ በትከሻዬ ላይ ታየዋለች።

የሻው በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያ ትልቅ ሰው፣ በግ በአንድ እጁ የሚጥለው፣ ከደፉ ላይ ቆሞ ወደ መሬት አየ። ቀኝ እግሩን አወጣ። መሬቱን አየ። ግራውን አስከተለ። እንደገና አየ። ከዚያ ማንም ያላየው መስሎት አንገቱን መለስ አድርጎ ከኋላው ያለውን አፈር ገመገመ።

“አባዬ ፈራ!” አለች ፍሬሰላም።

“ማን? እኔ? አልፈራሁም!”

“ፈርተሃል! አየሁህ! ጥላህን ነው ያየኸው!”

“እሾኽ ወጋኝ መስሎኝ ነው!”

“እሾኽ የለም! ጫማ አድርገሃል!” ሳቋ መጣ። በመጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ኋላ ሆዷን ይዛ፣ ከጭኔ ላይ እስክትንሸራተት ድረስ ሳቀች። “እማዬ፣ አባዬ ፈራ! አባዬ ትልቁ ፈራ!”

ካሰች ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ልጅቱ እየሳቀች ወደ በሩ ሄዳለች። ከብርሃኑ ጠርዝ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። እኛም ሁላችን ባለንበት ቀረን። አላምረው ከወለሉ ሳይነሣ፣ ሾፌሮቹ እጃቸው ሞሰቡ ላይ እንዳለ። የሻው ከውጭ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ሊያነሣት ቢሞክር ኖሮ ያበላሸው ነበር። ግን አልሞከረም፤ እንደ ልጅ ቆሞ ጠበቃት።

እሷ እጇን ብቻ ወደ ፀሐዩ ዘረጋች። ወለሉ ላይ የአምስት ጣት ጥላ ወጣ። ጣቷን አንቀሳቀሰች፤ አብሮ ተንቀሳቀሰ። ብዙ አየችው። ከዚያ አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱ ላይ ያለውን አነበበችው መሰለኝ።

“ና፣ እጅህን ስጠኝ” አለችው። “አትፍራ።”

የሻው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ሰጣት። ጣቱን ጨብጣ ደፉን ተሻገረች። ፀሐዩ ሹሩባዋ ላይ አረፈ። አልጮኸችም። ግቢው መሐል ወሰደችውና ቆማ ወደ መሬት ጠቆመች።

“ይኸው አየህ? አለ። ያንተ ትልቁ ነው። የኔ ይኸ ነው። አልሄደም።”

“አልሄደም” አለ የሻው። ድምፁ ከልጅቱ ያነሰ ነበር።

“እስቲ ሩጥ፤ ይከተልህ እንደሆነ እንይ።”

ሮጠ። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ በሾፌሮቹ ፊት፣ በሚኒባሶቹ ዙሪያ ሮጠ። “ይከተልሃል! ይከተልሃል!” እያለች ከኋላው ሮጠች። መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ካሰች በክፉ ዓይን ስታያት የሰነበተችው ጎረቤት ሴትም ከአጥሯ ላይ ብቅ ብላ “ምነው? ምን ተገኘ?” አለች። ካሰች ቀልቧ ልጇ ላይ ስለሆነ “ጥላ ነው፤ ጥላ ተገኘ! ግቢ፣ ጥብስ ቅመሽ” አለቻት።

አላምረው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ፍላሹ እጁ ላይ አለ፤ ወደ ኪሱ መለሰው። ቀሪውን ካርቱን ማንም አልጠየቀውም። አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን ካሰች ሰሐን ይዛ መጥታ “አንተ ብላ፤ አንቺም ብዪ። ደህና ሰው ትመስላለህ ብዬ ነበር እኮ” አለችውና አስቀመጠችን። ጥብሱ ቀዝቅዟል። ቢሆንም ጣፋጭ ነበር። እኔ ሌላ ሰው የሠራውን ምግብ በቀን ቁጭ ብዬ ከበላሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። በሩ ፊት ለፊቴ ነው፤ ልጅቱና አባቷ በዚያ ሲያልፉ፣ ተመልሰው ሲያልፉ አያቸዋለሁ።

ሾፌሮቹ ሄዱ፤ ሌሎች መጡ። ፍሬሰላም አሁን ለመጡትም ጥላቸውን ታሳያለች፤ አንዱን ሽማግሌ በትራቸው እንኳ ጥላ እንዳለው ልታሳያቸው ከመንገድ አስቁማቸዋለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ላቧ ይወርዳል።

ካሰች ማማሰያዋን ይዛ ወደ በሩ ወጣች።

“ፍሬ! ኧረ በቃሽ ግቢ! ፀሐዩ ይመታሻል!” ብላ ተጣራች።

ልጅቱ አልሰማቻትም።